መጽሐፍ ከመታተሙ አስቀድሞ ስለሚጻፈው ውጥን

መጽሐፍ ለመጻፍ የደከመ ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ቃል ጽፎ ብዕሩን ባስቀመጠ ጊዜ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ጽሑፍ ገና መጽሐፍ አልሆነም፤ በሣጥን ተቈልፎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ወረቀት ነው። ከሣጥን ወጥቶ፣ በማተሚያ መኪና አልፎ፣ በአንባቢ እጅ እስኪገባ ድረስ ያለው መንገድ ከመጻፉ ድካም የማያንስ ሌላ ድካም አለበት። በዚህ መንገድ መግቢያ ላይ የሚገኘው ደግሞ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም ደራሲው ለአሳታሚ ወይም ወጪውን ለሚችል መሥሪያ ቤት የመጽሐፉን ምንነት፣ ጥቅሙንና አንባቢውን ገልጦ የሚያቀርበው ውጥን ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «ፕሮፖዛል» እየተባለ ይጠራል። ከሊቃውንቱ ወገን ግን ብዙዎች እንደ ልመና ወረቀት ቈጥረውት ይንቁታል፤ ከመናቁም የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም።

የግዕዝ መዝገበ ቃላት ታሪክ ለነገሩ በቂ ምስክር ይሆናል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉት ሊቅ የግዕዝን ሰዋስውና ግስ ከነፍችው በአንድ መጽሐፍ ለማጠቃለል አስበው ጀመሩ። ሮማ በነበሩ ጊዜ የኢጣልያው ሊቅ ኢግናዚዮ ጕይዲ ለሚያዘጋጀው የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ዕውቀታቸውን አካፈሉት፤ ያም መጽሐፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. በዚያው በሮማ ታተመ። የራሳቸው ሥራ ግን ሳይፈጸም እርሳቸው ዐረፉ። ሥራውንም ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በዐደራ ትተውት ነበር። አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. በድሬዳዋ አሳተሙ፤ መዝገበ ቃላቱን ግን ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐደራው ወደ ሦስተኛ ትውልድ ተላልፎ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደረሰ። እርሳቸውም ሥራውን ከፍጻሜ አድርሰው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ወደ አንባቢ እስኪደርስ ድረስ የሦስት ሊቃውንት ዕድሜ ወስዷል ማለት ነው።

ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን በላቲን እየፈታ የጻፈው የግዕዝ መዝገበ ቃላት የታተመው ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. በላይፕሲግ ከተማ ነው። የቋንቋው ባለቤቶች ሥራ ከባዕዱ ሥራ ዘጠና ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ይህ የሆነው በዕውቀት ማነስ ነው የሚል ሰው ቢኖር ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቶ አላየም። በትጋት ማነስም አይደለም። ስደቱ፣ ኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጠላት ወረራ፣ የፊደሉ ማነስና የገንዘቡ እጦት ሁሉ በመካከል ገብተዋል። ከሁሉ ይልቅ የጐደለው ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ገና ሲጠነሰስ ተመልክቶ፣ ወጪውን ችሎ፣ ቀነ ገደብ ሰጥቶ የሚያስጨርስ አሳታሚ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አታሚና አሳታሚ አንድ አይደሉም። አታሚ የተከፈለውን ያትማል፤ በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተውን ብርሃንና ሰላምን የመሰለ ማተሚያ ቤት ወረቀቱንና ቀለሙን አስልቶ፣ የቅጂውን ብዛት ጠይቆ ሥራውን ይሠራል እንጂ መጽሐፉ ይጠቅማል፣ አይጠቅምም ብሎ የመመርመር ግዴታ የለበትም። አሳታሚ ግን መርማሪ ነው፤ ጽሑፉን መርጦ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ አርሞና አሳርሞ፣ ሽጦም ትርፉን ወይም ኪሳራውን የሚቀበል እርሱ ነው። ስለዚህ ለአታሚ የሚቀርበው ገንዘብ ሲሆን ለአሳታሚ የሚቀርበው ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ደራሲ ማተሚያ ቤቱን ራሱ እየከፈለ መጽሐፉን ስለሚያወጣ፣ ምክንያቱን ለሌላ ሰው አስረድቶ የመጻፍ ልማድ አላደገም።

በእንግሊዝ አገር የሆነው ከዚህ ጋር ቢመዛዘን ልዩነቱ ይገለጣል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1746 ዓ.ም. ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል፣ ስሙ ገና ያልገነነ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በገንዘብ እጦት ያቋረጠ ጸሓፊ፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ያለውን ሐሳብ በአጭሩ ጽፎ ለሎንዶን መጻሕፍት ነጋዴዎች አቀረበ። መዝገበ ቃላቱ ገና በሐሳብ ያለ ነበር። ነጋዴዎቹም ውጥኑን መርምረው፣ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ወጪ ብዙዎች ተባብረው ሊችሉት ተስማምተው፣ 1,575 ፓውንድ ሊከፍሉት በዚያው ዓመት ተዋዋሉት። ጆንሰንም ከዚህ ገንዘብ ስድስት ረዳት ጸሓፊዎች ቀጥሮ ሥራውን ጀመረ። በሚከተለው ዓመት ውጥኑ ሰፋ ብሎ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የትኞቹ ቃላት እንደሚገቡ፣ አጻጻፋቸው በምን እንደሚወሰን፣ ምንጫቸው እንዴት እንደሚፈለግ፣ ፍቻቸውም ከታወቁ ደራስያን መጻሕፍት በሚወጣ ምስክር እንደሚጸና በየተራው ተናገረ። የሚያስቸግረውንም ነገር አልሸሸገም፤ እዚህ ላይ ጥርጥር አለ፣ መፍትሔውም ይህ ቢሆን ይሻላል እያለ ጻፈ። ውጥኑን ያመኑበት ሰዎች ልባቸው የተሳበው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ችግሩን አስቀድሞ ያየ ሰው በመንገድ እንደማይደናገጥ ይታወቃልና።

ውጥኑ ግን ትንቢት አልነበረም። በሦስት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ ገንዘቡም ከመጽሐፉ አስቀድሞ አለቀ። በውጥኑ ቋንቋውን እንዳይለወጥ አጸናዋለሁ የሚል ተስፋ የነበረው ሰው፣ በ1755 ዓ.ም. በሁለት ታላላቅ ክፍል በታተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ ሕያው ቋንቋን ማሰር የማይቻል መሆኑን ገለጠ። ነጋዴዎቹ ቢያጕረመርሙም አልተዉትም፤ የተስማሙበት ጽሑፍ በእጃቸው ነበርና የቀረውን ሥራ ከተፈጸመው ለይተው መጠየቅ ይችሉ ነበር። ይኸው ጆንሰን የፖርቱጋሉን ካህን የሎቦን የኢትዮጵያ ጕዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ዓ.ም. ያሳተመ፣ ኋላም በ1759 ዓ.ም. ራሴላስ ስለሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ልብ ወለድ ታሪክ የጻፈ ነው፤ ታሪኩንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጕመውታል።

የዚያን ውጥን ሌላ ወገን ደግሞ መኳንንትና ሹማምንት ሊያዩት የሚገባ ነው። ጽሑፉ የታተመው በዚያን ጊዜ ከመንግሥቱ ሚኒስትሮች አንዱ ለነበረው ለሎርድ ቼስተርፊልድ ተጽፎ ነበር። ሎርዱ አሥር ፓውንድ ከሰጠ በኋላ ነገሩን ረሳው። ሥራው አልቆ ሊወጣ ሲል ግን በጋዜጣ ላይ መጽሐፉን እያመሰገነ ጻፈ። ጆንሰንም በየካቲት ወር 1755 ዓ.ም. ደብዳቤ ልኮ፣ ሰው በውሃ ሲታገል ዝም ብሎ ኋላ ከደረቅ ምድር በደረሰ ጊዜ የሚመጣ ረዳት እንደማያስፈልገው በትሕትና ቃል፣ ነገር ግን በሚያቃጥል አነጋገር አስታወቀው። ከዚያ ወዲህ የሎርዱ ስም በብዙ ሰው ዘንድ የሚነሣው ከዚያ ደብዳቤ ጋር ነው።

ወደ ውጥኑ አጻጻፍ ስንመለስ፣ ለምሳሌ አንድ የቅኔ መምህር በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ቅኔ ቤቶች መካከል ስላለው የአካሄድ ልዩነት መጽሐፍ ለመጻፍ አሰቡ እንበል። መምህሩ እንደ ልማዱ ቢጽፉ የመጀመሪያው ገጽ በምስጋና፣ ሁለተኛው ገጽ የቅኔን ክብር በማወደስ፣ ሦስተኛው ገጽ የራሳቸውን አላዋቂነት በትሕትና በመግለጥ ያልቃል፤ ወደ አሳታሚው ጠረጴዛ የቀረበው ወረቀት ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል ሳይናገር ይፈጸማል። ይህ አጻጻፍ በመቅድም ላይ ማዕረግ አለው። በውጥን ላይ ግን አንባቢው ጊዜ የሌለው፣ በፊቱም ሌሎች ብዙ ወረቀቶች የተከመሩበት ሰው ነውና የመጀመሪያው ገጽ ከግማሽ በማይበልጥ ቦታ መጽሐፉ ምን እንደሚናገርና እስከ ዛሬ ያልተነገረ ምን አዲስ ነገር እንዳለው ሊያስረዳ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ደራሲ የሚያሰናክለው ነው፤ መጽሐፉ ለማን ነው? «ለሁሉም ይጠቅማል» የሚለው መልስ ለማንም አልተጻፈም ከማለት አይለይም። የቅኔው መጽሐፍ ግስ ለሚገሱ ተማሪዎች ከሆነ ምሳሌው ብዙ፣ ሐተታው ጥቂት፣ ዋጋውም ቀላል መሆን አለበት። ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሆነ የእያንዳንዱ ቅኔ ባለቤት፣ ስፍራና ዘመን እየተለየ መጻፍ አለበት። ቅኔ ላልተማረ፣ ነገር ግን ቅኔ ለሚወድ የከተማ አንባቢ ከሆነ ደግሞ ሰሙና ወርቁ በአማርኛ ካልተፈታለት አንድም ገጽ አይሄድም። ሦስቱ በእርግጥ ሦስት መጻሕፍት ናቸው። ደራሲው ይህን ሳይወስን መጻፍ ቢጀምር በመካከል አንዱን ሲጽፍ ሌላውን እያሰበ ይደናገራል፤ ውጥን መጻፍ ለአሳታሚው ብቻ ሳይሆን ለደራሲው ለራሱ የሚጠቅመው በዚህ ነው።

እንዲሁም ስለዚሁ ነገር ከዚህ በፊት የተጻፈውን መጥቀስ ያስፈልጋል። የመልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ የቅኔ መጽሐፍ በ1963 ዓ.ም. መታተሙን እያወቀ እንዳላወቀ የሚያልፍ ሰው ራሱን ያስገምታል፤ አሳታሚውም ሌላ አማካሪ ጠይቆ ይደርስበታል። ከቀደመው መጽሐፍ ጋር መነጻጸር ግን የቀደመውን መንቀፍ አይደለም። ያ መጽሐፍ ቅኔውን ሰብስቦ አቅርቧል፤ ይህ ደግሞ የአካሄዱን ልዩነት ይመረምራል ብሎ በሁለት መስመር መለየት ይበቃል።

ከዚያ የምዕራፎቹ ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱም በታች አራት አምስት መስመር ሐተታ ይጻፋል። ቀጥሎም ተጽፈው ያለቁ አንድ ወይም ሁለት ምዕራፎች ለናሙና ይያያዛሉ። የሚመረጠው ምዕራፍ መቅድሙ ባይሆን ይሻላል፤ መቅድም ለመጻፍ ብዙ ሰው ይችላል፣ የሥራው ጥንካሬ የሚታወቀው በመካከለኛው ምዕራፍ ነው። የገጹ ብዛት በግምት፣ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ቢኖር ፈቃዱ ከማን እንደተገኘ፣ ሥራውም በስንት ወር እንደሚያልቅ በቍጥር ይነገራል። ስለ ደራሲው የሚጻፈው ደግሞ አጭር ይሁን፤ ትሕትና መልካም ምግባር ቢሆንም አሳታሚው ሊያውቅ የሚፈልገው ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ እኚህ ሰው ለምን እንደተገቡ ነው። ከማን ተማሩ፣ ስንት ዓመት አስተማሩ፣ ከዚህ በፊት ምን አሳተሙ የሚለው በቂ ነው።

ውጥኑ በተላከ ጊዜ በባለሥልጣኑ ወገን የሚሠራው ሥራ ይጀመራል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነውም እዚህ ላይ የሚሆነው ነው። ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ቍጥር ይሰጠዋል፣ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ ከዚያም ዝም ይባላል። «አይሆንም» የሚለው ቃል ደራሲን አይገድልም፤ ሌላ አሳታሚ ይፈልጋል፣ ወይም የተነቀፈበትን ያርማል። ዝምታ ግን አዛውንት ሊቅን ዓመት ከዓመት ደጅ ሲያስጠና ይኖራል። ገንዘብ የሌለው መሥሪያ ቤት እንኳ ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን፣ መልሱ የሚሰጥበትን ጊዜና ያልተቀበለበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ለመጻፍ አያቅተውም። የዩኒቨርሲቲ አሳታሚዎች ውጥኑን በዚያ ትምህርት ለታወቁ ሊቃውንት ልከው አስተያየት የሚቀበሉት፣ ውሳኔው በአንድ ሹም መውደድና መጥላት ላይ እንዳይወድቅ ነው።

በደራሲው ወገን ያለው ፍርሃትም ያለ ምክንያት አልመጣም። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በመርማሪ ፊት ማለፍ ነበረበትና «ለመሥሪያ ቤት ማቅረብ» ማለት ለመቀስ ማቅረብ ሆኖ ይታይ ነበር። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቍጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራውን አስቀርቶታል፤ ልማዱ ግን ከሰው ልብ እንደ አዋጁ ፈጥኖ አይወጣም። ሌላው ፍርሃት ሐሳብን መሰረቅ ነው። ስለዚህ የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የደራሲውን ሥራ በሕይወት ሳለ፣ ከሞተም በኋላ እስከ 50 ዓመት ይጠብቃል። ሕጉ የሚጠብቀው ግን የተጻፈውን ቃል እንጂ ባዶውን ሐሳብ አይደለም፤ ስለ ቅኔ ቤቶች መጽሐፍ ይጻፍ የሚለው ሐሳብ የማንም ነው፣ በዚያ ላይ የተጻፈው ምዕራፍ ግን የጸሓፊው ነው። ስለዚህ በቃል ሐሳቡን ለየሰዉ ከሚነግር ደራሲ ይልቅ፣ ናሙና ምዕራፍ አያይዞ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ቅጂውን በእጁ አስቀርቶ፣ መቀበያ ደረሰኝ ይዞ የሚያቀርበው ይሻላል።

አሳታሚ ከተገኘ በኋላ ስለሚጻፈው ውል የሚባለው ጥቂት ነው። በብዙ አገር የደራሲው ድርሻ ከሽያጩ ዋጋ ከመቶ አሥር ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ ዋጋ ሸጦ መገላገልም አለ። የሚታተመው ቅጂ ብዛት፣ መብቱ ለስንት ዓመት እንደተሰጠ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ቢተረጐም ማን እንደሚፈቅድ፣ የመጨረሻውንም እርማት ማን እንደሚያይ ሳይጻፍ የተፈረመ ውል ኋላ ዳኛ ፊት ያቆማል። በተለይ ግዕዝ ያለበት መጽሐፍ ሲሆን ደራሲው እርማቱን ራሱ ካላየ በሠ እና በሰ፣ በዐ እና በአ መካከል የሚፈጠረው ስሕተት ምሥጢሩን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ውጥን ከአሳታሚም ሌላ ጥቅም አለው፤ ደራሲው ቢሞት ምስክር ሆኖ ይቀራል። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ደክመው ሰፊ መጽሐፍ ጽፈው ነበር። ከሥራቸው «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው በ1914 ዓ.ም. ሲታተም ትልቁ ጽሑፍ ግን ሳይታተም ቀረ። ስለዚያ ጽሑፍ የኋለኞቹ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ የምዕራፎቹን ተራና የእያንዳንዱን ይዘት የሚናገር አንድ ወረቀት በአንድ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ቢገኝ ኖሮ ክርክሩ ባጠረ ነበር። ዛሬም በየደብሩና በየገዳሙ በአዛውንት መምህራን እጅ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሆነ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱና አንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው። ደቀ መዝሙሩ እንደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ያለ ሰው ከሆነ ሥራው ይድናል። አለቃ ደስታ የመምህራቸውን ዐደራ በ1948 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለኅትመት ያበቁት በ1962 ዓ.ም. ነው።